ጄምስ ፓርኪንሰንና የመንቀጥቀጥ ደዌ

በየመንደራችን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ አዛውንቶች ሲታዩ፣ ብዙ ሰው እርጅና ነው ብሎ ያልፋል። እንዲህ ብሎ ሳያልፍ ቆሞ የተመለከተ አንድ ሐኪም ነበር፤ እርሱም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው።

ፓርኪንሰን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1755 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ ሆክስተን በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበረ ሙያውን ከእርሱ ተምሮ በዚያው ሰፈር ሕዝቡን ሲያክም ኖረ። ከዚህም በቀር በድንጋይ ውስጥ የተገኙትን የጥንት እንስሳት ቅሪቶች ያጠና ነበር፤ በ1807 የሎንዶንን የሥነ ምድር ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1817 ስለ መንቀጥቀጥ ደዌ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ገለጸ፤ ከእነዚህም ሦስቱን ያያቸው በመንገድ ላይ ነው። በሽተኛው ጉርሻውን ወደ አፉ ለማድረስ እንደሚቸገር፣ መዋጥ እንደሚያቅተው፣ ሆዱም እንደሚደርቅ ጻፈ። የደዌውን ምክንያትና መድኃኒት ሳያገኝ በ1824 አረፈ። ቆይቶም ሻርኮ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ።

እርሱ የጀመረውን ሌሎች ቀጠሉበት። በ1913 ጉገንሃይም የተባለ የስዊስ ሊቅ ሌቮዶፓ የሚባለውን ቅመም ከባቄላ ለይቶ አወጣ፤ ጥቅሙ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በ1960 ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው በቪየና ከተማ፣ በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ቅመም እጅግ አንሶ አገኙት። ሌቮዶፓ ወደ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ስለሚሆን፣ እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት ነው። በሽታውን ፈጽሞ ባያድንም እንቅስቃሴን ያቀላል።

እንግዲህ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ በየማሳው የሚበቅለው ባቄላም ይኸው ቅመም አለበት። ሆኖም መጠኑ ከባቄላ ባቄላ ስለሚለያይ መድኃኒቱን አይተካም። ደግሞም ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮና ይህን የመሰለው ገንቢ ምግብ መድኃኒቱን ወደ አንጎል እንዳይገባ ሊሻማው ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲዋጥ ይመክራሉ። ጎመንና ያልተፈተገ እህል መብላት፣ ውኃም በበቂ መጠጣት ፓርኪንሰን ያየውን የሆድ ድርቀት ያቀላል። ውኃ ማነስ ደግሞ ከመቀመጫ ሲነሡ የሚመጣውን ማዞር ያብሳል።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አያት ግን በሰው ፊት እንዳያፈሱ አፍረው ውኃውን ሊተዉት፣ ከመሶቡም ሊርቁ ይችላሉ። እኛ ተማሪዎች ኩባያውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልተን ደጋግመን እናቅርብላቸው፤ ሲበሉም አናቻኩላቸው፤ ወደ ሐኪም ቤትም እንውሰዳቸው። ፓርኪንሰን መድኃኒት ሳይኖረው በማስተዋል ብቻ ይህን ያህል ከረዳ፣ መድኃኒቱ በተገኘበት ዘመን አይተን ማለፍ አይገባንም።