የቂጥኝን የደም ምርመራ ያስገኙት ኦገስት ፎን ዋሰርማን

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የጦር መሪ ወይም ደራሲ ነው። እኛ ግን ዛሬ የመረጥነው ስሙ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ለብዙ ዓመታት ሲጠራ የኖረ አንድ ሐኪምን ነው። የመረጥንበት ምክንያት አለን። እኛ ሠልጣኞች አብዛኞቻችን የሃያ ዓመት ልጆች ነን፤ ከቤተሰብ ርቀን እንኖራለን፤ ነገ ደግሞ በየገጠሩ እንበተናለን። ስለ ቂጥኝ የምንሰማው ሁሉ በሹክሹክታ ስለሆነ እውነቱና ወሬው ተደበላልቋል። አንዱ ትናንት አድሮ ዛሬ ደሙን አስመርምሮ ነፃ ነኝ ይላል። ሌላው ደግሞ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው ሲባል ተስፋ ይቆርጣል። የዋሰርማንን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁለቱም ለምን እንደቸኮሉ ይገባዋል።

ኦገስት ፎን ዋሰርማን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1866 በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው አይሁድ ሲሆኑ አባታቸው የባንክ ሰው ነበሩ። ሕክምናን በኤርላንገን፣ በቪየና፣ በሙኒክና በስትራስቡርግ ተምረው በ1888 ተመረቁ። ከዚያም ወደ በርሊን ሄደው በሮበርት ኮክ ተቋም ገቡ። ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም በ1882 ያገኙት ናቸው። በዚያ ቤት መሥራት በጊዜው ለአንድ ወጣት ሐኪም ትልቅ ዕድል ነበር። ዋሰርማንም ስለ ኮሌራ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍና ስለ ሌሎች በሽታዎች ሰውነት እንዴት እንደሚከላከል ሲመራመሩ ብዙ ዓመት ቆዩ። ኮሌ ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር ሆነው ስለ በሽታ አምጪ ተሐዋስያን ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍም በሙያው ውስጥ ስማቸውን አስጠራ። ዓለም ያወቃቸው ግን በቂጥኝ ምክንያት ነው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቂጥኝ የሚታወቀው በዓይን ብቻ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ብዙዎቹ ቂጥኝ በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋ ነው ብለው ጽፈዋል። ታዲያ በምን አወቁት? የማንንም ደም መርምረው አልነበረም፤ ምርመራው ገና አልተገኘማ! ያዩት ቁስል ነው። ቁስል ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ያለችው ኦቾሎ ትበቃናለች። በኦቾሎ ፊት ላይ የሚወጣና ጠባሳ የሚተው ቁስል አለ፤ በአማርኛ ቁንጭር ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ልጆችን ነው። በዋሻና በድንጋይ ንቃቃት የሚኖረው ሽኮኮ የጀርሙ ማደሪያ ሲሆን፣ ከእርሱ ወደ ሰው የምታሻግረው ደግሞ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። ከቂጥኝ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከመካከላችን ኦቾሎ የሚመደብ መምህር ከክፍሉ ልጆች አንዱን በዚህ ቁስል ፊቱ ተበልቶ ሊያየው ይችላል። ያን ጊዜ ልጁንም እናቱንም በመጥፎ ስም ከመጠርጠር ወደ ሕክምና መላክ ነው የሚገባው። ተጓዦቹ በዓይን ብቻ እየፈረዱ ያለፉትን እኛ ብንደግመው ያሳፍራል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የቂጥኝን ጀርም በአጉሊ መነጽር አዩት፤ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ቀጭን ነገር ነው። ጀርሙ ግን እንደ ሌሎቹ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አልራባ አለ። ዋሰርማንም በ1906 ከአልበርት ናይሰርና ከካርል ብሩክ ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሐሳባቸው ጀርሙን ራሱን መፈለግ ትተን ሰውነት ለጀርሙ የሰጠውን መልስ ከደም ውስጥ እንፈልግ የሚል ነበር። መሠረቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤልጂጉ ተወላጅ ቦርዴና ባልደረባቸው ዣንጉ ጥለውት ነበር።

አሠራሩ ጥቂት ውስብስብ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የሕመምተኛው የደም ውሃ ማለትም ሴረም ይወሰዳል። ቂጥኝ ይዞት ከሞተ ጽንስ ጉበት የተጨመቀ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ከጊኒ ፒግ ደም የሚገኝ ኮምፕሊመንት የሚባል ነገርም ይገባል። ሰውየው ቂጥኝ ካለበት በሴረሙ ያለው አንቲቦዲ ከጉበቱ ጭማቂ ጋር ተያይዞ ኮምፕሊመንቱን ይጨርሰዋል። ቀጥሎ የበግ ቀይ የደም ሕዋስና ያንን ሕዋስ እንዲያጠቃ ከጥንቸል የተዘጋጀ ሴረም ይጨመራል። ኮምፕሊመንት ከተረፈ የበጉ ደም ፈርሶ ፈሳሹ በሙሉ ይቀላል፤ ይህ ነፃ ማለት ነው። ካልተረፈ ግን ደሙ ሳይፈርስ ከታች ይቀመጣል፤ ይህ ቂጥኝ አለ ማለት ነው። ሰው፣ በግ፣ ጥንቸልና ጊኒ ፒግ በአንድ ቀጭን ጠርሙስ ተገናኙ እንበል። ከእነዚህ ሁሉ የአንዱ መጠን ትንሽ ቢዛባ ውጤቱ ይገለበጣል።

መጀመሪያ ላይ ምርመራው ደካማ ነበር፤ ከሕመምተኞቹ የሚለየው ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆኑትን ብቻ ነበር። ብዙ ሠራተኞች መጠኑን እየለዋወጡ፣ እጃቸው ሥራውን እየለመደ ሲሄድ ከመቶ 70 እስከ 90 ደረሰ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ቂጥኝ ካልነካው ጽንስ ጉበትም፣ ከጤነኛ በሬ ልብም የተዘጋጀ ጭማቂ ያንኑ ውጤት እንደሚሰጥ አረጋገጡ። እንግዲህ ዋሰርማን የጀርሙን አንቲቦዲ አገኘን ብለው ሲያምኑ፣ ምርመራው ይይዝ የነበረው በዋነኛነት አንድ ዓይነት ቅባት ላይ የሚነሣውን አንቲቦዲ ነበር። ይህን ቅባት ከበሬ ልብ ለይተው ያወጡትና ካርዲዮሊፒን ያሉት አሜሪካዊቷ ሜሪ ፓንግቦርን ናቸው፤ ዘመኑም 1941 ነው፤ ዋሰርማን ካረፉ 16 ዓመት አልፎ።

ይህ ነገር የሊቃውንት ወሬ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሰውነት ያንን አንቲቦዲ የሚያወጣው በቂጥኝ ምክንያት ብቻ አይደለም። ወባም፣ የሥጋ ደዌም፣ አንዳንዴ እርግዝናም ሊያስወጡት ይችላሉ። ወባ በሚበዛበት በእኛ ቆላ አካባቢ ይህን ሳያውቁ በአንድ ወረቀት ትዳር ማፍረስ ይመጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ዓይነት ምርመራ አስፈለገ፤ የቂጥኙን ጀርም በራሱ ተጠቅሞ የሚሠራው በ1949 በአሜሪካ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ዓይነቶች አብረው ሲሠሩ ነው ውጤቱ የሚታመነው። በዱቡሻ ተቀምጦ የጋሞ ሽማግሌዎችን ያዳመጠ ሰው በአንድ ሰው ቃል ብቻ ነገር እንደማይዘጋ ያውቃል፤ የደሙም ነገር እንዲሁ ነው።

ዋሰርማን ከዚያ በኋላ ክብር አልጎደለባቸውም። በ1913 በበርሊን ዳሌም አዲስ የምርምር ተቋም ተከፍቶ መሪው ሆኑ። ሆኖም ምርመራውን ማን አሰበው በሚለው ነገር ከብሩክ ጋር ተቀያየሙ፤ እኛ እንደሚመስለን ብዙ እጅ የነካውን ሥራ በአንድ ሰው ስም መጥራት የሚያመጣው ጣጣ ነው። ማርች 16 ቀን 1925 በርሊን ውስጥ አረፉ። የእርሳቸው ምርመራ ዛሬ በላቦራቶሪ አይሠራም፤ ከ1946 ጀምሮ ቪዲአርኤል የተባለው ቀላሉ ምርመራ ቦታውን ወሰደ። እርሱም ያንኑ የበሬ ልብ ቅባት ነው የሚጠቀመው።

አሁን ትናንት አድሮ ዛሬ ወደ ተመረመረው ጓደኛችን እንመለስ። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት የሰጠውን መልስ ነው ብለናል፤ መልስ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው ቁስል የሚወጣው ከግንኙነቱ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ቁስሉ አያምም፤ በሴቶች ላይ ከውስጥ ሊሆንና ላይታይ ይችላል፤ ሳይታከምም በራሱ ይድናል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አንቲቦዲው በደም የሚታየው ቁስሉ ከወጣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው። ቁስሉ ገና ባለበት ጊዜ እንኳ ቪዲአርኤል ከአራት ወይም ከአምስት ሕመምተኛ አንዱን ያህል ሊስት ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ የሚሰጥ ኔጋቲቭ ስለ ትናንት የሚናገረው የለም፤ የሚናገረው ስለ ቀድሞው ብቻ ነው። በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር መደገም አለበት። በሦስተኛው ወር ኔጋቲቭ ከሆነ ሰውየው በዚያ ግንኙነት አልተያዘም ለማለት ይቻላል። በመካከሉ ከሱቅ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ምልክቱን ሊያዳፍንና ውጤቱን ሊያዘገይ ስለሚችል ራስን ማታለል ነው። ቂጥኝ እንዳለበት ከተረጋገጠ ሰው ጋር በቅርቡ የተገናኘ ግን ውጤት መጠበቅ ሳያስፈልገው ሐኪሙ ወዲያው ሊያክመው ይችላል። ኮንዶም አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ቁስሉ ኮንዶሙ ከማይሸፍነው ቦታ ከሆነ ግን ፈጽሞ አያስቀረውም። በመጸዳጃ ቤት፣ በመጠጫ ዕቃና በልብስ ግን አይተላለፍም።

መድኃኒቱ ከ1943 ወዲህ ፔኒሲሊን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የተገኘ ሰው አንድ ጊዜ በሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል። ከቆየ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይወጋል። ያልታከመ ቂጥኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብን፣ አንጎልንና ዓይንን ያጠቃል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ጽንሱን ይገድላል ወይም ልጁ ታሞ ይወለዳል። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው ክትትል ደማቸው የሚመረመረው ለዚህ ነው።

የዳነ ሰው የቪዲአርኤል ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በጀርሙ የሚሠራው ሁለተኛው ምርመራ ግን ሰውየው ድኖም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ እንዳለ ይኖራል። በየጤና ጣቢያው ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች የሚታየው ፈጣን ምርመራም አብዛኛው የዚህ ዓይነት ስለሆነ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬም ወረቀቱ ላይ ፖዘቲቭ ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያየው የቪዲአርኤሉን ቁጥርና የታከመበትን ካርድ ነው።