አበበ ቢቂላ፦ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዳግመኛ ከሀ ብሎ የጀመረው ጀግና

የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ በብዙዎች ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ወታደር ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው መሆኑም በሰፊው ይታወቃል።

የሕይወቱ የመጨረሻ አራት ዓመታት ግን ያን ያህል አይወሱም። በእነዚያ ዓመታት እግሮቹ አይታዘዙለትም ነበር። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትርን ያለ ድካም የጨረሰ የሚመስለው ሰው ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገርንና በክንዶቹ ብርታት መኖርን እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ሁለቱ ሕይወቶች ሩቅ ለሩቅ ይመስላሉ። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የቆሙት በየቀኑ በሚደጋገሙ ትንንሽ ልማዶች ላይ ነው።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው የጃቶ መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሪቱን በመውረሩ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ለመሰደድ ተገደደ። ከጦርነቱ በኋላ እንደ አካባቢው ልጆች ሁሉ በደጋው ሜዳ ላይ ገና እየተጫወተ አደገ።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በውትድርና ዘመኑ ከሱሉልታ ኮረብቶች ወደ አዲስ አበባ በየቀኑ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። ያን ጊዜ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚጠብቀው ሽልማትም አልነበረም።

ይህን ወታደር ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ የነበሩት አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ኒስካነን በኢትዮጵያ የአካል ብቃት ትምህርትንና ስፖርትን ለማስፋፋት የተቀጠሩ ባለሙያ ነበሩ። የሩጫ ፍቅር ብቻውን ሩቅ እንደማያደርስ በመረዳት ረጅሙን ሩጫ፣ የአጭር ርቀት የፍጥነት ድግግሞሽንና ዕረፍትን በሥርዓት አቀናጅተው አሠለጠኑት።

አበበ በሐምሌ 1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበር። በቀጣዩ ወር ይህን ሰዓት ከ18 ደቂቃ በላይ አሻሻለው። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሔልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም የፈጠነ ሰዓት ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ሮምና ቶኪዮ

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በከተማዋ የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ ስላልተመቹት አበበ ባዶ እግሩን መሮጥን መረጠ። ለዓለም እንግዳ ትዕይንት የሆነው ነገር ለእርሱ በልምምድ የኖረበት ነበር።

ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ የተጠናቀቀው በችቦ ብርሃን ነው። አበበ ከሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ተነጥሎ ወጣ። ይህም የሆነው የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ዘርፎ ሮም ላይ ባቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከሁለት ዐሥረኛ በመግባት የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቶኪዮ ሊጓዝ ሲሰናዳ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከውድድሩ የቀሩት አምስት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሁለተኛ ከወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በመጨረሻው መስመር ላይ እንደ ሌሎች ከመውደቅ ይልቅ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፤ ተመልካቹም በአድናቆት ፈዘዘ።

በሜክሲኮ ሲቲው ኦሊምፒክ ግን እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ድሉን የአገሩ ልጅና የክቡር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደ። አበበ ያን ቀን የመጨረሻ ማራቶኑን እንደሮጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመጋቢት ሌሊት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ሌሊቱን በመኪናዋ ውስጥ ተይዞ አድሮ የተገኘው በማግሥቱ ነው። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ደርሶበት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደተባለው ሆስፒታል ተላከ። በመጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። በሒደት ክንዶቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ሆስፒታሉ እንዲሁ የተመረጠ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀው ሞት ነበር። ይገድሉት የነበሩትም ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ በኋላ የሚከተሉት የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበሩ። ታካሚውን በአንድ ጎን አስተኝቶ መተው፣ ከዚያም ተስፋ መቁረጥ፣ በየአገሩ ሐኪም ቤቶች ሥር የሰደደ ልማድ ነበር።

ይህን ልማድ የሻሩት ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። በአውሮፓውያኑ 1944 በስቶክ ማንዴቪል የኅብለ ሰረሰር ሕሙማን ክፍል ከፈቱ። መነሻቸው ረቂቅ መሣሪያም ሆነ ተአምረኛ መድኃኒት አልነበረም፤ ታካሚውን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ቢሆን ጎኑን ሲያመው ይገላበጣል። ስሜት ያጣ ሰውነት ግን አያመውም፤ የተጫነው ሥጋ ደም ሳይደርሰው ቆይቶ ይሞታል፣ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሌሎች ልማዶችም ተከተሉ። የቆዳን ሁኔታ በየዕለቱ መመርመር፣ የሽንት ፊኛን በንጽሕናና በሰዓቱ ማስተናገድ፣ በወንበር ላይ ሲቀመጡ በክንድ እየተደገፉ መቀመጫን ከፍ ማድረግ፣ ከቀን ወደ ቀን ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ። ከዚያም ስፖርት መጣ። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራል፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ ሚዛንን ያስተምራል።

ጉትማን በአውሮፓውያኑ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 ተወዳዳሪዎችን በቀስት ዒላማ አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ግንድ ይህ ነው። ውድድሩ በ1960 ከሆስፒታሉ ወጥቶ 23 አገሮችን ሲያሳትፍ አስተናጋጇ ከተማ ሮም ነበረች፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ስምንት ቀን በኋላ። ድሉን ያየችው ከተማ ወደፊት የሚጠብቀውንም መንገድ በዚያው ሰሞን አይታ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳግመኛ ከሀ

አበበ በስቶክ ማንዴቪል ስምንት ወር ገደማ ቆየ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ጎበኙት፤ ከዓለም ዙሪያም የመልካም ምኞት መልእክት ጎረፈለት። ነገር ግን የጎብኚዎቹ ክብር ክንድ አያጠነክርም። ሰውነቱን ከአልጋ ወደ ወንበር የማሻገሩን ሥራ ማንም ሊሠራለት አይችልም ነበር።

ለሯጭ ይህ የመለኪያ ለውጥ ከባድ ነው። ትናንት የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሁን የሚቆጠረው ሳይወድቁ የተቀመጡበት ደቂቃ ነው። የሥራው ጠባይ ግን ለአበበ እንግዳ አልነበረም። ዛሬ የማይታይ ለውጥ ከወራት በኋላ እንደሚታይ በሱሉልታ መንገድ ላይ ዓመታት የደከመ ሰው ያውቀዋል።

ቀስት መሳብ ጀመረ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ጨዋታ በቀስት ዒላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። አደጋው ከደረሰ አንድ ዓመት ከአራት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋበዘ፤ እርሱ ግን ተወዳዳሪ ሆነ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከመሳተፉም በላይ፣ 16 ተፎካካሪዎች በቀረቡበት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። የገባበትም 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነበር። በረዶ በማያውቅ ደጋ ያደገ ሰው በበረዶ አገር ድል አደረገ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲካሄድ አበበ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ተገኝቷል። ዕለቱ የሮም ድል ልክ 12ኛ ዓመት ነበር። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ልማድ የሚሰጠውና የማይሰጠው

የአበበ ታሪክ ጽናት ሁሉን ያሸንፋል የሚል ተረት አይደለም። ዳግመኛ አልተራመደም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ጥሎ ሄደ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሐዘን ቀን አወጁለት፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበርም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።

ሌላም እውነት አለ። አበበ የተላከበትን ሆስፒታል በዚያው ዘመን በዚያው ጉዳት የወደቀ የደብረ ብርሃን ገበሬ ወይም የመርካቶ ተሸካሚ ሊያየው አይችልም ነበር። ዝና በሩን ከፈተለት፤ በሩ ለብዙዎች ዝግ ነበር።

ይሁንና ከበሩ ወዲያ ያገኘው ነገር ትልቁ ክፍል በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም። የተኛን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ሁለት እጅና ሰዓት የሚቆጥር ሰው እንጂ ሆስፒታል የግድ አይጠይቅም። ሐኪም የማይተካ ቢሆንም፣ ሐኪም እስኪገኝ ድረስና ከተገኘም በኋላ ሕይወትን የሚያቆየው ይህ የየዕለት እንክብካቤ ነው። በአዲስ አበባ ቤቶች እንደሚሠራ ሁሉ በጎንደር ገጠር፣ ከመተማ ማዶም በገዳሪፍ ግዛት፣ ኤርትራውያን ስደተኞችን ለአሥርታት ባስጠለለው ኡም ጋርጉር ጎጆዎች ውስጥም ይሠራል። ጦርነትና የመኪና አደጋ በማይለዩት በዚያ የድንበር አካባቢ የተጎዳን ሰው በአንድ ጎን አስተኝቶ ዕጣውን መጠበቅ ከሚያስከትለው ጉዳት የሚያድነው አንዳንዴ ይህ ዕውቀት ብቻ ነው።

አበበ ካለፈ ከ48 ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያኑ 2021፣ የማየት ጉዳት ያለባት ሯጭ ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አስገኘች። ያሸነፈችው በቶኪዮ ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛ ወርቁን ባጠለቀባት ከተማ።