ደጃዝማች ባልቻ ምን ፈለጉ?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ስም ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ስለ አባ ነፍሶ ጀግንነት ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን ዛሬ ልናይ የምንፈልገው ወደ ጀግንነቱ የገፋፋቸውን ፍላጎት ነው።

ባልቻ ከጉራጌ አገር የተገኙ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ተሰልበው ከጦር ሜዳ ላይ ተገኙ፤ ወደ ሸዋም ተወስደው በምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። አንባቢ ያስበው፤ አጠገባቸው ወላጅ የለም፣ ዘመድ የለም፣ ወደፊትም ልጅ አይወልዱም። እንዲህ ላለው ሰው የቀረለት በጌታው ዘንድ መታመን ብቻ ነበር። ይህንንም በሥራቸው አገኙት። በጅሮንድ ተብለው በግምጃ ቤት ተሾሙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከመድፈኞቹ ጋር ስማቸውን አስጠሩ፤ በኋላም ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አብርሃም ማስሎው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ በመጨረሻም የተፈጠሩበትን ፈጽሞ መገኘት ነው። ባልቻ የወገንን ጉድለት በክብር ሊሞሉት የሞከሩ ይመስለናል። በሲዳሞ ገባሩ ላይ ክንዳቸው ከብዶ እንደ ነበረም መሸሸግ አይገባንም።

ሐረር በ1902 ዓ.ም. ለወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ ተሰጠ። ከዕድሜው የሚያንስ አለቃ የተሾመበት ሠራተኛ ይህ እንዴት እንደሚያም ያውቀዋል። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ባልቻን ወደ አዲስ አበባ ሲጠሯቸው ሽማግሌው ለመምጣት ዘገዩ፤ በ1920 ዓ.ም. ሲመጡም ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እርሳቸው በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ ግን ሠራዊታቸው በገንዘብ ተባብሎ ተበተነ። ሹመቱም ጦሩም በአንድ ጊዜ ሄደ፤ ቀጥሎ እስራት መጣ፤ ከዚያም ገዳም ገቡ።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ባልቻ ያረጁ ሰው ነበሩ። ግዛት የላቸውም፣ የሚሾማቸው ጌታም በአገር ውስጥ የለም። ዝም ብለው ቢቀመጡ ማንም ባልወቀሳቸው። እርሳቸው ግን ጠመንጃቸውን አንሥተው ተዋጉ፤ በ1929 ዓ.ም. ወደቁ። ዳቦና ደኅንነት ይቀድማሉ የሚለው ደረጃ እዚህ ላይ ተገለበጠብን።

ልጅ ያልወለዱት የእኒህ ሰው ስም ዛሬ በአዲስ አበባ በባልቻ ሆስፒታል ይጠራል።