ዓፄ ሱስንዮስና የበዓላት ቀን

በየዓመቱ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በማኅበራችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ገናን የምናከብረው ከጎረቤቶቻችን ጋር ነው ወይስ ታኅሣሥ 29 ቀን? ልጆቻችን ሁለቱንም ይወዱታል፤ ስጦታው እጥፍ ይሆናልና። እኛ ወላጆች ግን አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ድምፃችን ከፍ ይላል። ለዚህ ለ10ኛ ዓመት መጽሔታችን የአንድ ታሪካዊ ሰው ሕይወት እንዲጻፍ በተወሰነ ጊዜ፣ እኛ የመረጥነው ይህንኑ ጥያቄ በአዋጅ ለመፍታት የሞከሩትን ንጉሥ ነው።

ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ የሆኑ ንጉሥ እንደነበሩ፣ በዚያም ምክንያት ብዙ ደም እንደ ፈሰሰ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። የተማርነው ግን በአመዛኙ ስለ አንድ ባሕርይና ስለ ሁለት ባሕርይ ክርክር ነው። ይህ ክርክር ለሊቃውንቱ ትልቅ ጉዳይ እንደነበረ አይካድም። ነገር ግን ባላገሩን ከእርሻው አስነሥቶ ጦር ያስነሳው ከዚያ ይልቅ ቅርቡ የሆነ ነገር ይመስለናል፤ ይኸውም የሚጾምበትና የሚፈስክበት ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን፤ ስለ አቆጣጠር በሚያወራ ጽሑፍ ይህን አለመናገር ጥፋት ይሆናልና።

ሱስንዮስ የተወለዱት በ1570ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲል የዓፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ሲሆኑ እናታቸው ሐመልማለ ወርቅ ይባላሉ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ከኦሮሞ ጦር ጋር በተደረገ ውጊያ ሞቱ፤ ልጅየውም ተማርከው ከኦሮሞዎች ጋር ኖሩ። ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን አጥንተው ስለነበር በኋላ ለዙፋን በታገሉ ጊዜ ይህ ትምህርት በእጅጉ ጠቅሟቸዋል። ዓፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ከሞቱ በኋላ መንግሥቱ አንዴ ወደ ዓፄ ያዕቆብ፣ አንዴ ወደ ዓፄ ዘድንግል ሲገላበጥ ሱስንዮስ በጫካና በበረሃ ሆነው ተከታይ ሲያሰባስቡ ቆዩ። በመጋቢት 1607 ጎል በተባለው ስፍራ በተደረገው ጦርነት ዓፄ ያዕቆብና ከእርሳቸው ጋር የተሰለፉት ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሞቱ። ሱስንዮስም አሸንፈው ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ሥልጣን ሰገድ ተባለ።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት የዓፄ ዘድንግል ታሪክ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆናቸው ይገባ ነበር። ዘድንግል ፔድሮ ፓኤዝ የተባለውን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ትምህርት ሰምተው ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብሉ፣ ሕዝቡ ቀዳሚት ሰንበትን እንዳያከብር አዋጅ አስነገሩ። ጳጳሱ ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት፤ ንጉሡም በ1604 በባርጫ ጦርነት ተገደሉ። የተጣላቸው ወገን ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ግን ሕዝቡ የሰማው አዋጅ ስለ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ በኢትዮጵያ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1450 በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ከረጅም ጠብ በኋላ፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ተወስኖ የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ያስታረቀ ሥርዓት ነው።

ፓኤዝ አገሩን ያወቀ ሰው ነበር። በ1603 ገብቶ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ሕፃናትን አስተማረ፤ በጎርጎራ ሕንፃ አሠራ። በ1618 ከንጉሡ ጋር ተጉዞ የዓባይን ምንጭ ማየቱም ይታወቃል። ሰውን በጨዋታና በክርክር እንጂ በግዴታ ለመማረክ አይቸኩልም ነበር። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድሞ እምነቱን ተቀበለ። ንጉሡ ራሳቸው ግን ዓመታት ፈጀባቸው። አንዳንዶች ምክንያታቸው የፖርቱጋልን ወታደር ማግኘት ብቻ ነው ይላሉ። እኛ አይመስለንም፤ እምነቱን እስከ መጨረሻ ትንፋሻቸው ስላልተዉት፣ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ከለቀቁም በኋላ ስላልተዉት፣ ልባቸው አምኖ ነበር ማለት ይቀለናል። ይሁን እንጂ በሰላሙ ጊዜም ቢሆን ነገሩ ያለ ደም አልሄደም። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዩልዮስ ተነሥተው በጦርነቱ ሁለቱም ሞቱ። በ1620 ገደማም ንጉሡ በቅዳሜ ሁሉም ሰው ሥራውን እንዲሠራ ባዘዙ ጊዜ የበጌምድሩ ገዢ ዮናኤል ሸፈተ። ንጉሡ አሸነፉ።

በ1622 ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ። የፓኤዝ ሞት ለንጉሡ ከጠፋ ጦር የባሰ ጉዳት ነበር ብንል አላጋነንንም።

በ1625 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በአፋር ጠረፍ በኩል ገባ። በየካቲት 1626 በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡ፣ መሳፍንቱና ካህናቱ ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ታማኝነታቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ብዙ ነው። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ ቅዳሴው ወደ ላቲኑ ሥርዓት እንዲዞር፣ ጾሙና በዓላቱም በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ በአንድ ባላገር ቤት ምን ማለት እንደነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። የሮማ አቆጣጠር ራሱ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ ያወጁት በ1582 ሲሆን፣ ያን ጊዜ 10 ቀን ከወሩ ውስጥ ተዘሎ ከጥቅምት 4 ወደ ጥቅምት 15 ተሻግሯል። ሜንዴዝ ደንቀዝ ሲደርስ ይህ ከሆነ ገና 44 ዓመት ነው። እንግሊዞች እንኳ እስከ 1752 አልተቀበሉትም፤ ሩሲያ ደግሞ እስከ 1918። እንግዲህ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻውን ግትር ነበር ማለት አይቻልም።

በዚያ ዘመን ልዩነቱ 10 ቀን ስለሆነ (ዛሬ 13 ደርሷል) የላቲኑ ልደት በአብዛኛው የሚውለው ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው፤ ግን ጾመ ነቢያት ገና አላለቀም። ስለዚህ አዲሱን ገና ያከበረ ሰው በጾም መካከል ሥጋ መብላቱ ነው። ነሐሴ ላይም እንዲሁ። በላቲኑ ሥርዓት የእመቤታችን ዕርገት ኦገስት 15 ቀን ይከበራል፤ ያ ቀን በዚያ ዘመን ነሐሴ 12 ገደማ ይውል ነበር። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

ስለ ትንሣኤ ብዙ ይነገራል፤ እኛ ግን ሁለቱን ስሌት አስተያይተን ያገኘነው አስገርሞናል። በ1626 የሮማው ፋሲካ ኤፕሪል 12 ሲውል የእኛው ከሳምንት በኋላ ነበር። በ1627፣ በ1628 እና በ1629 ግን ሁለቱ በአንድ ቀን ውለዋል። በ1630 እንደገና በሳምንት ተለያዩ፤ በ1631 ገጠሙ። እንግዲህ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ፋሲካው የተለያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጭንቁ ፋሲካው ሳይሆን ወደ ፋሲካው የሚወስደው መንገድ ነበር። የኢትዮጵያው ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሆኖ ሰኞ ይገባል። የላቲኑ ከዐመድ ረቡዕ ይጀምራል፤ ከፋሲካ 46 ቀን ቀደም ብሎ ማለት ነው። ፋሲካው በገጠመበት ዓመት እንኳ በዘጠኙ ቀን ውስጥ አንዱ ጎረቤት ሲጾም ሌላው ቅቤና ሥጋ ይበላል። ሽታው ደግሞ አጥር አያግደውም።

ከሁሉ የከፋው የሳምንቱ ጾም ነበር። የእኛ ሰው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ቅዳሜን መጾም ግን፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ በአበው ሥርዓት የተከለከለ ነው። በላቲኖቹ ልማድ ደግሞ ከሥጋ የሚታቀቡት ዓርብና ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙን የሚፈጽም ሰው በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የአባቶቹን ሕግ ይጥሳል፤ ረቡዕ በመብላቱ አንዴ፣ ቅዳሜ በመጾሙ አንዴ። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ማክበርም በሮማው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ አልነበረውም። የጽዋ ማኅበር የሚጠጣው፣ የተጣላ የሚታረቀው በእነዚህ ቀናት መሆኑን ለእኛ ለማኅበርተኞቹ ማስረዳት አያሻም።

ተቃውሞው ከየቤቱ ወጣ። ወለተ ጴጥሮስ የተባለችው ወይዘሮ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ጥላ መነኮሰች፤ እየተዘዋወረች ሕዝቡ በቀደመው እምነቱ እንዲጸና አስተማረች፤ ተከሰሰች፣ ተጋዘችም። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 17 ቀን ታስባታለች። በላስታ ገበሬዎች መልክአ ክርስቶስ የተባለውን መስፍን መሪያቸው አድርገው ተነሡ፤ የተላከባቸውንም ጦር ደጋግመው መለሱ።

ንጉሡም ነገሩ የት ላይ እንደሚያም በመጨረሻ የተረዱ ይመስላል። ፓትርያርኩን ለምነው ካስፈቀዱት ነገር ውስጥ የአንድ ባሕርይና የሁለት ባሕርይ ጉዳይ የለበትም። የተፈቀደው ቀድሞ የነበረው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፣ በዓላት በቀድሞው ቁጥር እንዲከበሩ፣ የፈለገም ሰው በቅዳሜ ፋንታ ረቡዕን እንዲጾም ነው። ይህ ከመጀመሪያው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብለን እናስባለን። ግን ዘግይቷል፤ ሕዝቡም የተመለሰለትን ግማሽ አይቶ ሌላውን ግማሽ ይጠይቅ ጀመር።

በሰኔ 1632 የላስታው ጦር ወደ ወይና ደጋ ወርዶ ከንጉሡ ጦር ጋር ተጋጠመ። ንጉሡ አሸነፉ። 8,000 ያህል ሰው በሜዳው ላይ ቀረ። እንደሚተረከው በማግስቱ መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሬሳው መካከል አቀረቧቸው፤ የወደቁት አረመኔዎች ወይም ባዕዳን ሳይሆኑ ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን አስታወሷቸው። ዓፄ ሱስንዮስ በዚያ ድል አልተደሰቱም። ብዙም ሳይቆዩ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እርሳቸው ግን ካቶሊክ እንደሆኑ በመስከረም 1632 ዐርፈው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ሕዝቡን ሲፈቱ ራሳቸውን አልፈቱም። በዚህ አቋማቸው፣ የቀደመውን ሁሉ ይዘንባቸው እንኳ፣ ክብር ይገባቸዋል እንላለን።

ፋሲለደስ ሜንዴዝንና ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ተጋዘ። በ1636 ጎንደር ስትቆረቆር ጾሙም በዓሉም በቀድሞ ቦታው ነበር።

ከዚህ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1839፣ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ የተባለ ኢጣልያዊ ካቶሊክ ካህን ትግራይ ገባ። አገሬው አቡነ ያዕቆብ ብሎ የጠራው ይህ ሰው በሜንዴዝ መንገድ አልሄደም፤ ልብሱንና ኑሮውን እንደ አገሩ መነኮሳት አደረገ፤ የግዕዙንም ሥርዓት አከበረ። ዛሬ በኢትዮጵያ ያሉ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ለሮማው ጳጳስ ይታዘዛሉ፤ ቅዳሴያቸው የግዕዙ ቅዳሴ ነው፤ ገናንም እንደ ሌላው ያገራቸው ሰው ታኅሣሥ 29 ቀን ያከብራሉ።