የሐይቅ ጸደይ መቼ ይጀምራል? የሃራልድ ስቨርድሩፕ ሕይወት

እኛ ኪርያት ጋት ያደግን ልጆች የጸደይን መቃረብ የምናውቀው ከከተማችን በስተ ደቡብ ባሉት ሜዳዎች ካላኒዮት ሲፈኩ ነው። ለወላጆቻችን ግን የአበባ ወር መስከረም ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ አደይ ይፈካል። ሐይቅም የራሱ የአበባ ወቅት አለው። አልጌ የሚባሉት ጥቃቅን የውኃ ተክሎች በጥቂት ሳምንታት ተራብተው የውኃውን ቀለም ይለውጣሉ። ኪነሬት ለብዙ ዓመታት በየጸደዩ ቡናማ ይሆን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜውን የሚወስነው ምንድን ነው? ዛሬም ድረስ የክርክሩ መነሻ የሆነውን መልስ የሰጠው ኖርዌጂያዊው ሃራልድ ስቨርድሩፕ ነው።

ስቨርድሩፕ በ1888 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሶግንዳል በምትባል የኖርዌይ መንደር ተወለደ። የአየር ጠባይ ሳይንስ ተምሮ፣ በ1918 ከአሳሹ ሮአልድ አሙንድሰን ጋር ሞድ በተባለችው መርከብ ወደ አርክቲክ ተጓዘ፤ የሳይንሱ ሥራ ኃላፊ እሱ ነበር። ጉዞው እስከ 1925 ዘለቀ። መርከቧ በሳይቤሪያ ጠረፍ በከረመችበት ጊዜ ቹክቺ ከሚባሉት አጋዘን አርቢዎች ጋር ለወራት ኖረ፣ አብሯቸው ተጓዘ፣ ስለ ኑሯቸውም መጽሐፍ ጻፈ። ሶሻል ወርክ ለምንማረው ለእኛ ይህ የሕይወቱ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ቅርባችን ነው።

በ1936 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ዘመዶቹ ናዚዎች በያዟት ኖርዌይ ስለነበሩ ተጠርጥሮ ከምስጢራዊ ሥራ ታግዶ ነበር። ቢሆንም ከተማሪው ከዋልተር ሙንክ ጋር የባሕር ሞገድ መተንበያ ዘዴ ሠራ፤ ዘዴው በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻ አገልግሏል። በ1948 ወደ አገሩ ተመልሶ የኖርዌይ የዋልታ ተቋምን መራ።

ስለ ጸደይ አልጌ የጻፈው አጭር ጽሑፍ የወጣው በ1953 ነው። ሐሳቡን እንደ ቤት ወጪና ገቢ ማየት ይቻላል። የአልጌ ገቢ ብርሃን ነው፤ እሱም የሚገኘው ከላይ ብቻ ነው። ወጪው ግን ላይም ታችም፣ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። በክረምት ነፋስና ብርድ ውኃውን እስከ ታች ድረስ ስለሚያማስሉት አልጌው ብዙውን ጊዜ በጨለማ ያሳልፋል፤ ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ፀሐይ ሲበረታ ብርሃኑ ጠልቆ ይገባል። የላይኛው ውኃም ሞቆ ስለሚቀል ከቀዝቃዛው በላይ ይንሳፈፋል፤ መማሰሉም ወደ ታች መድረሱን ያቆማል። ገቢ ወጪን የሚሸፍንበትን የመጨረሻ ጥልቀት ስቨርድሩፕ ወሳኝ ጥልቀት አለው። መማሰሉ ከዚያ በላይ ሲቀር አልጌው ያብባል። ይህን ሒሳብ በኖርዌይ ባሕር ላይ ከቆመች የአየር ጠባይ መርከብ በ1949 በተሰበሰበ መረጃ ፈተነው።

ጥልቅ ሐይቆችም በዚሁ ሒሳብ ሊታዩ ይችላሉ። ጣና ግን ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋሱ እስከ ወለሉ ያማስለዋል። እዚያ ብርሃኑን የሚቀንሰው በክረምት ወንዞች የሚያመጡት ደለል ነው። የኪነሬት ፔሪዲኒየም ደግሞ በጭራው እየዋኘ ብርሃን ይፈልጋል፤ የሚመቸው ነፋሱ ጋብ ሲል ነው። ዮርዳኖስ በዝናብ ወራት የሚያመጣው ምግብም ያስፈልገዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በየዓመቱ አያብብም። በ2010 አንዳንድ ተመራማሪዎች የስቨርድሩፕን ሐሳብ ተቃውመዋል፤ አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳትም በሒሳቡ መግባት አለባቸው ብለዋል። ክርክሩ አልተዘጋም።

ስቨርድሩፕ በ1957 አረፈ። ብዙዎቻችን ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ነን። በተግባር ልምምዳችን ላይ አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቷል ሲባል ስንሰማ የእሱ ሒሳብ ትዝ ይለናል። አልጌው በክረምትም ውኃው ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ልጁ ምን ጎደለው ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ምን ወደ ታች እየጎተተው እንደሆነና ያለበት ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርስ እንጠይቅ።