ማሪ ኩሪ፦ የጨረር ሕክምናን መሠረት የጣሉ ሳይንቲስት

ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በወቅቱ በሩሲያ አገዛዝ ሥር በነበረችው የፖላንዷ ዋርሶ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለዱ። በአገራቸው ሴቶች ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለማይፈቀድላቸው፣ በሰው ቤት ልጆች እያስተማሩ የእኅታቸውን የሕክምና ትምህርት ደገፉ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1891 ለትምህርት ወደ ፓሪስ አቀኑ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ከባለቤታቸው ከፒየር ኩሪ ጋር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1903 የፊዚክስ፣ በ1911 ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ራዲየም የሚመረትበትን ዘዴ የግል መብት ሳያስመዘግቡ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1906 በጋሪ አደጋ ከሞቱ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም።

በፓሪስ በተቋቋመው የራዲየም ኢንስቲትዩት የፊዚክስና ኬሚስትሪ ክፍሉን እርሳቸው፣ የሕክምና ምርምሩን ክሎዲየስ ሬጎ መሩ። በዚሁ ተቋም ሄንሪ ኩታር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጨረሩን መጠን ከፋፍሎ ለሳምንታት በመስጠት የጉሮሮ ካንሰር ሊድን እንደሚችል አሳየ። ጤነኛው የአካል ክፍል በየመሐሉ የማገገሚያ ጊዜ ያገኛል፤ የካንሰር ሕዋሳት ግን እየተዳከሙ ይሄዳሉ።

ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1934 በደም ማነስ ሕመም አረፉ፤ መንስኤውም ያለ መከላከያ ለዓመታት ለጨረር መጋለጣቸው እንደሆነ ይታመናል። ዛሬ ጨረር ለእያንዳንዱ ታካሚ ተሰልቶና ተለክቶ የሚሰጠው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በተገኘ ትምህርት ነው።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረ ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሰጣል። በመሆኑም የአጋሮ፣ የሊሙና የጌራ ነዋሪዎች አገልግሎቱን በቅርበት ማግኘት ይችላሉ። ደረጃው ከፍ ላለ የራስና አንገት ካንሰር፣ የጤና ሁኔታቸው ለሚፈቅድላቸው ታካሚዎች ጨረሩ ሲስፕላቲን ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር በአንድነት ይሰጣል። መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳት በጨረር ይበልጥ እንዲጎዱ ያደርጋል፤ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በምርመራ ክትትል ይሰጣል።

ሕክምናው በአብዛኛው በሳምንት አምስት ቀን፣ እስከ ሰባት ሳምንታት ይወስዳል። በመካከሉ ለቡና ለቀማም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ማቋረጥ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት እንደገና እንዲራቡ ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ ቤተሰብ የማረፊያውንና የመጓጓዣውን ጉዳይ፣ የመኸሩንም ሥራ ከሕክምናው በፊት ሊያመቻች ይገባል።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ የማይድን የአፍ ቁስል፣ የአንገት እብጠት ወይም ምግብ የመዋጥ ችግር ያለበት ማንኛውም ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርቦ ሊመረመር፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሪፈር ወረቀት ሊወስድ ይገባል። በጊዜ የተገኘ ካንሰር የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።