ፕሮፌሰር ቶማስ ማችና የማርስ ድንጋዮች

የጂኦሎጂ ባለሙያ ሙያውን የሚማረው ተራራ በመውጣት፣ ገደል በመውረድ፣ ድንጋይም በመዶሻ ሰብሮ በመመርመር ነው። የሰው እግር ያልረገጠውን ምድር ለማጥናት ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ ለማግኘት ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ቶማስ ማች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1931 የተወለዱት ማች የብራውን ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መምህር ሲሆኑ፣ ማርስ ላይ ለሚያርፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች የካሜራ ቡድን መሪ ነበሩ። ጁላይ 20 ቀን 1976 ቫይኪንግ 1 ክራይስ በተባለው ሜዳ ላይ እንዳረፈች፣ ካሜራዋ በመጀመሪያ ያነሣው ሩቁን አድማስ ሳይሆን የራሷን እግርና በአጠገቡ የነበሩትን ጠጠሮች ነው። አስቀድሞ የቆሙበትን መሬት መመርመር ይገባልና። ከመንኮራኩሯ 8 ሜትር ያህል ርቆም ስፋቱ 2 ሜትር ገደማ የሆነ ቋጥኝ ታየ፤ በእርሱ ላይ ብታርፍ ኖሮ የብዙ ዓመታት ድካም በከንቱ በቀረ ነበር።

በማግሥቱ የተገኘው ባለቀለም ፎቶግራፍ የማርስን ሰማይ ሰማያዊ አስመስሎት ነበር። ቀለሙ በጥንቃቄ ሲመዘን ግን ሰማዩ በአቧራው ምክንያት ወደ ሮዝ የሚያደላ መሆኑ ታወቀና ስሕተቱ ታረመ። በምድር የለመደ ዓይን በሌላ ዓለም ሊሳሳት እንደሚችል ይህ አስተማረ።

ማች በናሳ የሕዋ ሳይንስ ኃላፊ ሳሉ፣ በኦክቶበር 1980 ከሂማላያው የኑን ተራራ ሲወርዱ ወድቀው በዚያው ቀሩ። በ1981 ቫይኪንግ 1 የቶማስ ማች መታሰቢያ ጣቢያ ተብላ ተሰየመች፤ እስከ ኖቬምበር 1982ም መልእክት ስትልክ ቆየች። ወደ ማርስ የሚሄድ ሰው ወስዶ እንዲያኖርላት የመታሰቢያ ሰሌዳ ተቀርጾላታል።